ኖራ

ባቡሩ ከሱሪን ማታ ሦስት ሰዓት ይነሣል፣
ክሩንግ ቴፕ ሲጠጋ ጨለማው ይሣሣል፤
በማግስቱ ማታ ደግሞ የመልስ ትኬት፣
መሐሉ አንድ ቀን ነው፣ ያውም ከነሙቀት።

የሩዝ ወፍጮ ቤቱን ደረሰኝ ገልብጠን፣
ያቺን ቀን ልናብቃቃ ጠረጴዛ ከበን፣
እኔ እጽፋለሁ በእርሳስ ቁራጭ ጫፍ፣
አክስቴ ሳምሩዋይ ትሰርዛለች፣ ሳይወጣ ከአፍ።

«የንጋት መቅደሱን፣ ወንዙን ተሻግረን፣
ሸክላው ላይ ፀሐይ ስታበራ አይተን…»
«ፀሐይማ እዚህም፣ በዶሮው ጩኸት፣
በነጻ ትወጣ የለ እንዴ? ሰርዢያት።»

«ቅዳሜ ገበያው?» «ስንት ሰዓት ይፈጃል?»
«ዞሮ ለመጨረስ ሙሉ ቀን ይበላል።»
«ቀን የሚበላማ እዚህም አላጣን፤
ሰርዢው።» ሰረዝኩት። እርሳሱ አጠረን።

«በሰማይ የሚሄድ ባቡርስ?» ብላት
ቀና ብላ አየችኝ በመነጽሯ አናት፦
«ሰማይ ላይ ረስቼው የመጣሁት ዕቃ
የለኝም» አለችና ዝም አለች፣ በቃ።

«በጀልባስ? ቻው ፍራያን ቁልቁል ወርደን?»
«ጀልባማ ያኔ ነው፣ በባልዲ ተደጋግፈን፣
ጎሕ ሳይቀድ፣ ቆመን እያንቀላፋን
ለሥራ የተሻገርን።»
አልሰረዘችም። አላጸደቀችምም።
በቅንፍ አስቀመጥኩት።

ከመረብ አልጋው ባሏ ፕራሰርት ሳይነሣ
«የፓምፑን ጎማ ጻፉልኝ፣ እንዳይረሳ!»
ጻፍኩት። ይቺን አልነካቻትም፤
ባልና ፓምፕ፣ አለች፣ አይሰረዙም።

«ሁዋ ላምፖንግ ወርደን ከዚያ በእግራችን…»
«አክስቴ፣ የሩቁ ባቡር እዚያ መግባት ትቷል፤
ጣቢያው ተዛውሯል፣ ወደ ሰሜን ወጥቷል።»
መርዶ እንደነገርኳት እጇን ጉንጯ ላይ አኖረች።
«ይሁን። ጻፊ» አለች።
«ሃያ ሁለተኛ ፎቅ።»

የምን ሃያ ሁለት? የማን ፎቅ? የምን?
ፕራሰርት ዓይኑን ገለጠ፤
እሱም አልሰማም ነበር እስከዚያች ቀን።

እኔ ሳልወለድ ነው። አጨዳው አልቆ ምድር ስትሰነጠቅ
በባቡር ይጎርፋል የመንደሩ ወጣት፣ የቀን ሥራ ሊጠይቅ።
አክስቴም ሄደች። ሦስት በጋ ሠራች፤
መጀመሪያ ባልዲ፣ ኋላ ካዙላ ያዘች፤
በቀርከሃ መወጣጫ ሽቅብ፣ ኖራ እንደ ዱቄት ቅንድቧ ላይ፣
ወንዙ ቁልጭ ብሎ የሚታይባትን ያቺን ማእዘን ለሰነች።
ልስኑ እርጥብ ሳለ፣ ከመስኮቱ በስተቀኝ፣ በትከሻዋ ልክ፣
አንድ ባት አጣብቃ፣
ካዙላውን በላዩ አልፋበት፣
ወረደች።
ለምን? «እኔ እንጃ። ኪሴ ውስጥ ነበረች።»

ፎቁ ሲያልቅ በር ገጠሙለት፤
መጀመሪያ የተዘጋበት
የሠራው ሰው ነበር።

ስልኬን ከፍቼ ፈለግኩት። ሆቴል ሆኗል፤
የአንድ ሌሊት ዋጋው የመኸራችንን እኩሌታ ይውጣል።
ሳቀች። «ማን ሊያድር? ቆሜ ልመለስ ነው እንጂ።»
«ዘበኛው ቢከለክልሽስ?»
«የማን ልጅ ሊሆን ነው ዘበኛው?
ወይ የሱሪን ነው፣ ወይ የቡሪራም።
በክመር ሰላም እለዋለሁ፤ እናቱን እጠይቀዋለሁ።»

እንግዳው ቀለሙን ያያል፣ ያደንቃል፤
ከሥሩ ኖራ እንደሆን ማን ፍቆ ያውቃል?

ጫማዋን አወጣች፣ ለኔ ምረቃ የገዛችውን፣
አፉን በጋዜጣ የጠቀጠቀችውን።
«ይሄንንም ጻፊ። ውሃ በኮዳ። የተቀቀለ እንቁላል፣ አራት።»
ጻፍኩ። «ሃያ ሁለተኛው ላይስ፣ ስንት ሰዓት ልመድብለት?»

«ልስን እስኪደርቅ» አለችኝ።

ልስን በስንት ሰዓት እንደሚደርቅ አላውቅም።
ለፓምፑ ጎማ አንድ ሰዓት፣ ለምሳ ግማሽ ብዬ፣
ከሃያ ሁለት ፊት ለፊት
ባዶ ቦታ ትቼ
ወረቀቱን አጠፍኩት።