የጭን ጠፍር

እኔ ጃንጥላ አጣፊ ነኝ፤ ቮስ ላይ፣ ከማረፊያው ሜዳ ዳር፣
ሥራዬ ጨርቅ መዘርጋት ነው፣ ገመድ መለየት፣ ማሰር።
ሰው ከሰማይ ሲመለስ እኔ ከመሬት አልነሣም፤
የታጠፈውን አውቃለሁ፣ የበረረውን አላውቅም።

ቶርዲስ ግን ሁለቱን ታውቃለች።
መርፌዋን በጥርሷ ነክሳ፣ ክንፍ ስትጠግን ትውላለች።
ከራሷ በላይ፣ ከወራጁ፣ አንድ ቀይ ልብስ ተሰቅሏል፤
ብብቱ ሸራ ያህላል፣ ጅራቱ አቧራ ይጠርጋል።
ዋጋ አልተጻፈበትም።
የጠየቃት ብዙ ነው፤ የመለሰችለት የለም።

ሃልቫር መጣ በግንቦት፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣
የሳልሞን እርባታ ደሞዙን በፖስታ ይዞ፣ በጉራ፦
«ያንን ቀዩን አውርጂልኝ። ሩቅ የሚወስደኝ እሱ ነው።»
ቀና ሳትል፣ «ዝላይህ ስንት ደረሰ?» አለችው።
«መቶ አርባ ሦስት።»
«ሁለት መቶ ሲያልፍ ና።»
ፖስታውን አላየችውም። ክር በጠሰች እንደገና።

በረዶ ወርዶ፣ በረዶ ቀልጦ፣ መዝገቡን ይዞ ተመለሰ፤
ሁለት መቶ ስድስት፤ ገጹ የጠቆረ፣ ጠርዙ የፈረሰ።
የሰጠችው ግን ግራጫ ነው፤ ትንሽ፣ የተጣፈ ጉልበቱ፣
ሰባት ሰው ተምሮበታል፤ የሰባት ሰው ላብ አለ ካንገቱ።
«ይሄ ስህተትህን ይምራል፤ ያኛው ስህተትህን ያባዛል፤
በጀርባህ ሲያሽከረክርህ፣ እጀታው ከእጅህ ይጠፋል።»
ወደ እኔም ዞራ፣ «ሰፊውን ስጪው፤ ፈጣኑ ይቆየው ለኋላ፤
ልጓሙን አስረዝሚለት፣ መሪ ጃንጥላው ንፋስ ይብላ።
ከጀርባው የሞተ አየር አለ።»
አየርም ይሞታል ለካ!
ይህን የሰማሁት ያን ቀን ነው፣ ልጓሙን በክንዴ ስለካ።

አራት ቀን በሃንጋሩ ወለል፣ በደረቱ አስተኛችው፣
በመኪና ጠጋኝ ጋሪ ላይ፤ ዓይኑን በሻሽ ሸፈነችው።
«ሁለቱን ክንድ እኩል። እጀታ። ወርውር። እግር ግጠም።»
መቶ ጊዜ። ሌላ መቶ።
«ግራህ ዘገየ። ድገም።»
ልጆች ካጥሩ ማዶ ሳቁ፦ «ዓሣ ነው፣ ሲንፈራገጥ!»
እሱም ሳቀ። እሷ፣ «ድገም»፤ ጤዛ ሣሩ ላይ እስኪቀመጥ።

አምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ፣
ሞተሩ እየጮኸ፣ ሃልቫር ዚፑን ዘጋግቶ ሊወጣ፣
ቶርዲስ ጭኑን ዳበሰችው።
«ፍታው።»
«የቱን?»
«ሁሉን።»
«አውሮፕላኑ ሊሄድ ነው!»
«ይሂድ።»
በንዴት ሳበው ዚፑን።
እዚያ፣ ከልብሱ ሥር፣
የግራ ጭኑ ጠፍር
ተንጠልጥሏል ሳይታሰር።
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤
ያልታጠቁትስ?
ሰውየው ይሾልካል፤ ጃንጥላው ብቻውን ያርፋል።

አውሮፕላኑ ያለ እሱ ሄደ። ቃል የተነፈሰ የለም።
እሱ አሰረ። እሷ ነካች። ነካሁ እኔም፣
ሥራዬ ባይሆንም።

በቀጣዩ ጭነት ወጣ፤ ዘለለ ከሁሉ ኋላ፣ ከበሩ ጫፍ፣
ክንፉን አጥፎ ወደቀ፣ የአውሮፕላኑ ጅራት እስኪያልፍ።
እኔ ያየሁት ነጥብ ነው። ነጥቡ ወደ ጎን ሄደ፤
ተንገዳገደ፣ ተሰበሰበ፣ ተዘረጋ፣ ወደ ሐይቁ ነጎደ።
ውበት የለውም፤ ብስክሌት የጀመረ ልጅ ነበር፤
ግን ከፍታው ሳያልቅ፣ ሁለት ክንድ እኩል ታጠፈ፣
ጃንጥላው ተከፈተ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሳይዞር።
ከሜዳው ርቆ፣ ሰው ድንች ማሳ ውስጥ አረፈ፤
ባለማሳዋ ጮኸችበት፣ ይቅርታ እያለ አለፈ።

ማታ ጭቃውን አራግፎ ከቶርዲስ ጎን ተቀመጠ።
ቀዩን ቀና ብሎ አየው። ፖስታው ከኪሱ አልወጣም።
የግራጫውን ጉልበት ይዞ፣ «መርፌ አለሽ? እዚህ ጋ ተተረተረ» አላት፤
ከጥርሷ መሃል አውጥታ፣ ክሩን ሳትበጥስ ሰጠችው።

እኔ ጃንጥላውን ዘረጋሁ።
ከእጥፉ መሃል አንድ የድንች ቅጠል ረገፈ።