ጥፍር በምታህል ቦታ

ከናርቪክ በላይ፣ ሐዲዱ ገደሉን ታክኮ ሲታጠፍ፣
ዮሩን ተንበርክካ ብረቱን ትፈገፍጋለች፣ ዝገቱ እስኪረግፍ።
ጓንቷን አውልቃለች፤ ማጣበቂያው በጓንት አይሆንም፤
ከፀጉር የቀጠነው ሽቦ የደነዘዘ ጣት አያምንም።
ያላት አርባ ደቂቃ ናት፤
ከዚያ ማዕድኑ ይመጣል፣ በየመንኮራኩሩ አሥራ አምስት ቶን ጭነት።
ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው
የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ነው።
መንኮራኩሩ ሳለ አትታይም፤ ሲያልፍም የለችም።

ሃልቫርድ ጡረታ ሳይወጣ፣ ከመስኮቱ ሥር ተኝቶ፣
«አንዷ ታነክሳለች» ይል ነበር፣ ከአምስት መቶ ኮቴ ለይቶ።
ማን አመነው? ጆሮ የመሰከረው መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤
አለቃም ቁጥር እንጂ ሽማግሌ አያዳምጥም።

መጣ። ምድር ቀድማ አወቀች፣ ከዚያ ሽቦው፣ ከዚያ እሷ።
አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ አራት ተኩል፣
አሥራ አምስት፣
ሠላሳ ስምንት።
አርባ አንደኛው ፉርጎ፣ ግራ፣ የኋላ፤
ፍሬን ነክሶ የላጋት፣ ሳንቲም የምታህል ጠፍጣፋ።

ለጣቢያው ደወለች። ቀጥላ ለሃልቫርድ።
«ስንት?» አለ። ነገረችው።
ዝምታው ረዘመ።
«ለካ ያን ያህል ይመዝን ኖሯል፣
ሠላሳ ዓመት እንቅልፍ የነሣኝ።»