አራት ሚሊሜትር

ከጥቁር ውሃ ማዶ፣ ሐይቁን ተጠግቶ፣
መንገዱ ሊያልፍ ነው በረግረጉ ገብቶ።
ቄጠማው ታጨደ፤ ጭቃው ያው ነው ጭቃ፣
ጫማ ይውጣል እንጂ፣ ጫማ አይችልም በቃ።

ሥራዬ መለካት፤ ሌቭሌን አቁሜ፣
ጤዛው ሳይነሳ፣ ወገቤን ታምሜ፣
ከአፈሩ ሥር ያለች የብረት ሰሌዳ
ከትናንት ስንት እንደ ወረደች ማንበብ፣
በእርሳስ መጻፍ።

ምሰሶዎቹ አሉ፣ እንደ ወተት ጥርስ ተራርቀው፣
ጭቃውን ዘልቀው፣ ከጠጣሩ ደርሰው፤
በራሳቸው ላይ መረብ፣ ጥቁር ጥልፍልፍ፣
በመረቡ ጠጠር፣ በጠጠሩ አፈር፣
በአፈሩ ላይ ደግሞ ነገ ሲኖትራክ ሊያልፍ።

በአራተኛው ቀን፣ ከሁለት ምሰሶ መሀል፣
አራት ሚሊሜትር።
ሮጥኩ። «ጋሽ ሌዳሞ፣ ሰመጠ!»
ሻዩን አስቀመጠ።
ከክምሩ ጠጠር ዘገነ፣
ጣቶቹን ፈልቀቅ አድርጎ በላያቸው በተነ።
ጥቂቱ ፈሰሰ። የቀረው ቆመ፣
ክፍተቱ ላይ፣ አንዱ በአንዱ ተደግፎ።

«አየሽ? ሊወድቅ ሲል ነው ጎረቤቱን የሚይዘው።
ትንሽ ካልወረደ ቅስት አይሠራም።
ሲወርድ ግን ሸክሙ መንገድ ያገኛል፣
ወደ ጠንካራው።»

ወደ ጠንካራው።
ይቺ ቃል ሌሊቱን አላስተኛኝ አለች።
ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤
አፈር ግን እኩል ማካፈል አያውቅም።

አባታችን ያረፈ ዓመት ቤታችን ትንሽ ወረደ።
እኛ ለስላሳዎቹ ደብተር ይዘን ሄድን፤
ዱካሌ በአሥራ ስድስት ዓመቷ
አሞራ ገደል ቆማ ቆሮሶ ትበልታለች፣
አባ ኮዳዎቹ አንጀቱን እየጠበቁ።
እናታችን ከሥር፣ እንደ መረቡ ተወጥራ፣
ያመለጠውን ትቀበላለች፣
ትለጠጣለች እንጂ አትበጠስም።
እኔ ያኔ
ኑሮው ራሱ ቀላል መስሎኝ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ንባቡ ያው።
በሃያኛውም ያው።
መሐንዲሱ ፈረመ።

ስልክ ደወልኩላት። «ወገብሽ እንዴት ነው?»
«ምን ሆነሻል? ሥራ ላይ ነኝ» አለች፤
ቢላዋው ጣውላ ላይ ይሰማኛል።

ከቅጹ ዳር «አስተያየት» የሚል ባዶ ሳጥን ነበር።
ስሟን ጻፍኩበት።
አፍሬ ደግሞ በላጲስ አጠፋሁት።
አይታይም።
በጣት ለዳሰሰው ግን
ወረቀቱ እዚያ ጋ ጎድጎድ ብሏል።