ዳዋ

ሳቢያን ነኝ፤ ጠዋት ነው፣ ሁለት ሰዓት አልሞላም፣
ቆርቆሮው ግን ካሁኑ እጅ አያስጠጋም።
ነጂባ በር ከፍታ፣ በላስቲክ ጫማ፣
«ግባ» አለች፣ «ይኸውልህ የኔ ከተማ።»

ሠላሳ አንድ ዶሮ፤ አንድ ባንድ ቆጠርኩ፣
ዐይናቸውን አየሁ፣ ክንፋቸውን ገለጥኩ፤
የሚያስል የለበት፣ የሚያነክስ የለ፣
ላባው ፀሐይ ሲያርፍበት ፍም የመሰለ።
እኔም የመጣሁት ለነዚሁ ነበር፤
ለጤነኛው ዶሮ፣ አመድ ለሚጭር።

ጥጥ የጠመጠምኩበት ስንጥር አውጥቼ
ናሙና ስወስድ፣ ጭራ አንስቼ፣
«አቦ» አለች በሳቅ፣ «ይኼን ነው ያስተማሩህ?
ዐሥራ ስድስት ዓመት ለፍተህ፣ የዶሮ ቂጥ ሊያሳዩህ?»

ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣ በጎባጣ ሳፋ፣
ውሃው ወርቅ መስሏል፤ ሰሙ ግን የት ጠፋ?
«ምን ጨመርሽበት?» አልኳት። «መድኃኒት ነዋ!
ዘካርያስ ጋ፣ ታይዋን ገበያ፤ የሻይ ነው ዋጋዋ።
ታመው እንዳይመስልህ፤ እንዳይታመሙ ነው፣
ወጥ ላይ እንደ ጨው ቁንጥር የማደርገው።
እንደ ልጆቼ እኮ ነው የማያቸው።»

ለፍቅር ምን ይባላል? ዝም አልኩ። እንቁላል ሰጠችኝ፤
ገና ትኩስ ነበር፣ መዳፌን አሞቀኝ።

*

አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር። የከተማችንን ስም ሲፈታ፣
«ድሬ ሜዳ ነው፣ ዳዋ መድኃኒት» ይለን ነበር ማታ፣
በኦሮምኛው ኮርቶ፤
«መድኃኒት ሜዳ ላይ ተወልዶ ማን ይታመማል?»
እናቴ የመንዝ ልጅ ናት፤ ቃሉ በጆሮዋ ሌላ ይሰማል፦
«እኛ አገር ዳዋ የሚባለው
ሰው የለቀቀውን ቤት የሚውጠው ነው።»
በሁለቱ መሃል አደግሁ። ማን ልክ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

*

ከዚራ። ቤተ ሙከራ። መብራት ሄዶ መጣ።
ሳህኔን ከማሞቂያው ሳወጣ
የዘራሁት ጀርም አድሮ በቅሏል፤
መድኃኒት የጠጣ ስድስት ክብ ወረቀት በላዩ ተቀምጧል።
መድኃኒቱ ከሠራ ዙሪያው ይመለጣል፣
ቀለበት ያወጣል፤
ጀርሙ እንደ ተጣላ ጎረቤት ከሩቅ ይቆማል።

አንዱ ቀለበት አጥልቋል፤ አንዱ ክር የሚያህል፤
አራቱ ምንም። ባዶ ጣት።
ግራጫው ቡቃያ ወረቀቱን ታኮ
ላዩ ላይ ሊወጣ ደርሷል።
ከሠላሳ አንዱ፣ ዐሥራ ዘጠኙ እንደዚሁ።
ዳዋ።
የእናቴ ዳዋ፣ በአባቴ ዳዋ ላይ።

እንቁላሉን ቀቅዬ በላሁት። ጥሩ ነበር።
እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

*

ድሬ ታላምዳለች፤ እንግዳ ሦስት ቀን እንግዳ አይቆይም፣
ባራተኛው «አቦ» ይላል፣ ወደ አገሩ አይመለስም።
ሙቀቱን ለመድን። ደቻቱን፣
አሸዋ ሆኖ ከርሞ በሌሊት የሚመጣውን፣
እሱንም ለመድን።
ዶሮ ለማዳ ነው፤ ጀርሙም ተላመደ፣
በየቀኑ ቁንጥር እየቀመሰ፣ ጠላቱን ወደደ።

ሐሊማ ከሕፃናት ክፍል ደወለች ሌሊት፦
«የስምንት ወር ልጅ፤ ሦስተኛ ቀየርን መድኃኒት።»
ከነጂባ ጓሮ ነው አልልም፤ አላውቅም፤
ጀርም መታወቂያ ይዞ አይዞርም።

*

ውጤቱን ይዤ ተመለስኩ። ሰማችኝ፣
እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ዐይኗን ከዶሮ ዶሮ እያዞረች።
«ታዲያ የቷ ናት የታመመችው?»
«አንዷም አልታመመችም።»
«ታዲያ የቷን ልረድ?»

ጣቴ ተነሣ፤ ወደ ሳፋው ሄደ፤
ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።
ኪሴ ውስጥ አራት እንክብል ነበሩ፣
ባለፈው ወር ጉሮሮዬን ሲያመኝ ያለ ማዘዣ ገዝቼ፣
ሲሻለኝ የተውኳቸው፣
«ለክፉ ቀን» ብዬ።