የመደርደሪያ ታንኳ

ቁጥር ሠላሳ ሁለት፣ ከዘንባባው ግርጌ፣
የሦስት ቀን ሱቄ ይኸ ነው፣ ይኸ ነው ማዕረጌ።
በግራ በኩሌ የስልክ ልባስ ሻጭ፣
በቀኝ ድምጽ ማጉያ፣ ሳያባራ ጯሂ፣ ጆሮ ቆራጭ።
ጥር ነው፤ ታቦት ገብቷል፤ ከተማው ነጭ ለብሶ ይርመሰመሳል፣
ሸንኮራ የላጠ ሁሉ ልጣጩን እኔ በር ላይ ይጥላል።

ከፊቴ ጨርቅ ላይ፣ አፍንጫቸው ቀና፣
አርባ አንድ ታንኳዎች ቆመዋል በጤና፤
አንዱም ውሃ አያውቅ፣ አንዱም አላየ ጣና።
ጣና ግን እዚያው ነው፣ ከድንኳኑ ኋላ፣
ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፣ ምሳውን እንደበላ።

«ስንት ነው?»
«ሦስት መቶ።»
«ኧረ! ለሣር?»
ሣር ሲሉኝ ዝም እላለሁ፤ ለምጄዋለሁ ይኸን ነገር።
አልነግራት፣ እስከ ጭን ጭቃ ገብቶ ማጨዱን፣
አልነግራት፣ ደንገሉ ከተማውን ሸሽቶ መራቁን፣
አልነግራት፣ ጉማሬ ሲያስነጥስ ቆሞ መጠበቁን፣
ገመዱን በጥርሴ ስስብ ከንፈሬ መላጡን።
«ለእርስዎ ሁለት መቶ ሃምሳ» እላለሁ፣ ፈገግ ብዬ፤
ፈገግታው ምራቂ ነው፣ የማይታሰብ ከዋጋዬ።
እሷም ትሄዳለች፣ በስልኳ አንስታኝ፣
ታንኳውን ሳይሆን እኔን፣ እንደ ዕቃ አስተካክላኝ፣
«ትንሽ ወደ ግራ፣ የኔ እናት» ብላኝ።

ጠዋት የባዛሩ ልጅ ደረሰኝ ቆርጦልኛል፤
ስድስት መቶ ብር። ሁለት ሸጫለሁ፤ መቶ ይጎድለኛል።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ መጡ፣
ኮታቸው ከትከሻው የነጣ፤ ሳይጠይቁ ተቀመጡ።
አያ ሙሐባው ናቸው፣ ዱሮ ከዘጌ እንጨት ጭነው
ሲቀዝፉ የተጣመመ ትከሻቸውን ይዘው።
ዋጋ አልጠየቁኝም። አንዱን አነሡና
ገልብጠው አዩት፣ ከሥር፣ ከጎን፣ እንደገና።
«ማን ነው ያሰረው?»
«እኔ።»
«ይኸ አይደርስም።»
«የት?»
«ደቅ።»
ሳቅሁ። «አባቴ፣ ይኸ ለመደርደሪያ ነው፣ ለጌጥ፤
ከቴሌቪዥን ጎን ቆሞ አቧራ ሲጠጣ ለማርጀት እንጂ፣ መች ሊገባ ከሐይቅ?»

እሳቸው አልሳቁም። በጥፍራቸው ቆንጥጠው
የሁለት ሌሊት ሥራዬን ተረተሩት፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው።
«ምነው!» አልኩ። ደሜ ፈላ። መቶ ብር ጎድሎኛል፣
ገበያተኛ ቆሞ ያያል፣ ደግሞ ይኸ ሰው ሥራዬን ያፈርስብኛል።
ለካ የእሳቸው ጣት ነው የሚያወራ፤
«ደንገል ሲርስ ያብጣል፤ አንገቱን ካነቅሽው እሺ አይልም፣ ይፈነዳል።
ሆዱ ላይ ላላ፣ አፍንጫው ላይ ጥብቅ። እንዲያ ነው የታንኳ ሥራ።»

እናቴ አላሳየችኝም፤ የእሷ እጅ ሰፌድ ነበር፤
ታንኳ የወንድ ነው ተብሎ፣ ከወንዶቹ ጋር ገባ አፈር።
እኔ የተማርኩት በሥልጠና ነው፣ በአሥር ቀን፣ ከነአበሉ፤
አሠልጣኙም ታንኳ ላይ ወጥተው አያውቁም፣
«ውሃ ያዞረኛል» እያሉ።

«ቴሌቪዥን ላይም ቢሆን» አሉ፣ ሲነሡ፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣
«ታንኳ ታንኳ ነው።»
ልስጥዎት ብላቸው እምቢ፤ «የት ላኖረው?
ቤቴ መደርደሪያ የለው።»

ማታ፣ አምፖሉ ሲበራ፣ አንዲት ሴት መጣች፣ ሕፃን አዝላ፤
ከሠላሳ ዘጠኙ መሐል ያንኑ አነሣች፣ ሳትል ሌላ።
«ስንት?»
«ሦስት መቶ።»
«አይቀንስም?»
«አይቀንስም። ደቅ ይደርሳል።»
ድምጽ ማጉያው ዋጠው። «ምን?» አለችኝ። «ምንም።»
ብሩን ቆጠርኩ፤ ኪራዩ ሞላ፣ ሁለት መቶ ይተርፋል።
ሲሄዱ አየሁ፤ ሕፃኑ ከጀርባዋ ሆኖ
የታንኳውን አፍንጫ ይነክሳል።

ሠላሳ ስምንት ቀሩኝ።
ጥበቃው «ዝጉ! ዝጉ!» ይላል፣ ያልፋል በፉጨት።
እኔ አንዱን ፈትቼ ሁለተኛው ላይ ነኝ፣ ገመዱ በጥርሴ፣
በጣና በኩል ጨለማ፣ በእኔ በኩል የጎረቤት መብራት፤
ሆዱን ላላ፣
አፍንጫውን ጥብቅ።
ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም፤
ነገ ከመጡ ይፍቱት።