ምች አይደለም

ሽንቴን አቃጠለኝ አለች ሩቅያ፣
ስምንት ሰዓት ቆማ ውላ ከሽመናው ማሽን ጉያ።
ክኒኑ የሰው ነበር፣ ከጎረቤት የተረፈ፣
በስሟ ያልተጻፈ፣ ቀኑ ግን ያላለፈ።
የጡሃን እናት ፈውሷታል፤
ሩቅያን ምን ያደርጋታል?

በስምንተኛው ቀን አተኮሳት፣ ከንፈሯ ቆሰለ።
እናቴ ብቅ አለች፤ "ምች ነው" ተባለ።
ዳማከሴ ታሸ፣
ቀኑ አለፈ፣ መሸ።
እኔም ባጃጄን አስነስቼ ወረድኩ ወደ ቦርከና፤
የቀን ገቢ አለብኝ፣ ምችም ይለቃል ገና።

ማታ ስመለስ ዓይኗ ፍም፣ ብርሃን ጠልታ ተሸፍናለች፤
ደረቷ ላይ ቀይ ነጠብጣብ፣ መሀል መሀሉ የጠቆረ።
ውሃ መዋጥ አቅቷት ኩባያውን ገፋች።
ክኒኑን ግን እንደ ምንም ውጣዋለች።
"መድኃኒት አይቋረጥም ብለው የለ?" አለች።

ዘምዘም የመድኃኒት ቤቷን ላሜራ እስከ ግማሽ ስባ
በስልክ መብራት አየቻት፣ አንገቷን ባጃጄ ውስጥ አስገብታ።
የት አመመሽ አላለችም።
"ምን ዋጥሽ? ከመቼ ጀምሮ?"
በጣቷ ቆጠረች፤ ከዚያ ድምፅዋ ተቀየረ፦
"ይሄ ምች አይደለም ወንድሜ።
አፍና ዓይን ባንዴ ሲቆስል፣ ቆዳ ሲነኩት ሲያቃጥል
ነገን አትጠብቅ፣ አሁን ሂድ።
አንዲት ፍሬ እንዳትጨምር፤ ወረቀቱን ግን እንዳትጥል።"

ሐረጎን ባጃጅ አይደፍረውም።
አበጋዝ ሚኒባሱን አስነሳ፣ ሒሳብ አልጠየቀኝም።
ጉም ወርዷል፤ መብራቱ ከአፍንጫችን አያልፍም።
በየመጠምዘዣው ታቃስታለች።
ሻርፗ አንገቷ ላይ ተጣብቆ
ላላቅቀው ስል፣ ቆዳዋ ተከተለው ተልጦ።
እጄን መለስኩ።
ከዚያ ወዲያ መንገዱን ሳይሆን ያባከንኩትን ቀን ቆጠርኩ።

ደሴ ሆስፒታል፣ የሌሊቱ ሐኪም
ወረቀቱን ተቀብሎኝ ገልብጦ አነበበው።
"ነገ ብትመጡ ኖሮ..." አለ፤ አልጨረሰው።

ሃያ ስድስት ቀን ተኛች።
ዛሬ ማሽኗ ፊት ቆማለች።
ዓይኗ ግን እንባ አያፈልቅም፤
ጠብታ ካላደረገች ማልቀስም አትችልም።
ከመታወቂያዋ ጀርባ ካርድ አለ፣ በቀይ እስክሪብቶ፦
"ሰልፋ እንዳይሰጣት።"

እናቴ ዳማከሴዋን ከደጅ አልነቀለችም፤ አለ፣ ለምች።
የታመመ ሲመጣ ግን፣ ቅጠሉን ሳትቀነጥስ
መጀመሪያ ትጠይቃለች፦
"ምን ዋጥሽ?"