የጀልባው ጭስ

ከባሕር ዳር ወደብ ሲነጋ ተነሥተን
ሁለት ደሴት ልናስተያይ፣ መዝገብ ተሸክመን፦
የትኛው እርሻ ነው የበዛ ትንፋሹ፣
ሰማይ የሚያሞቀው፣ የማይታይ ጭሱ?

«የበሬዬን ግሣት ልትመዝኚ ነው ወይ?
ማዶስ ደሴት ላይ የሚያገሣ የለም ወይ?»
ብሎ ሳቀ ይርሳው፤ ጣቱን እያጠፈ
የሞተችዋን ላም ስሟን ጠርቶ አለፈ።

ማዶ ሩዝ ስታርም ዶፍ የወረደባት፣
የዩሪያ ጆንያ ራሷን የጋረዳት
እንጕዳይ ቀና አለች፦
«ሁለት ኩንታል ጻፊ፤ ዕዳዬን ተዪያት።»

ማታ ስንመለስ ሞተሩ አጓራ፤
ጭሱ ተትጎልጉሎ ከእንቦጩ ጋራ
ከሁለቱ መሐል ውሃው ላይ ተኛ።
የይርሳው ልበለው? ወይስ የእንጕዳይ?
ዓምድ አላገኘሁም ፈልጌ መዝገብ ላይ።

እጄ ግን ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።